የሸቤ ጭቃና የብረቱ ወፍጮ

የጡረታ ደብዳቤዬ የደረሰኝ ሚዛን ቤት ውስጥ ቆሜ የአፈር ዱቄት ስመዝን ነው። እዚያ ክፍል ሰው በሩን በኃይል ከከፈተ የሚዛኑ ቁጥር ይዘልላል። ጸሐፊያችን ይህን ስለምታውቅ በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው፣ ፖስታውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች። መዝኜ ጨረስኩ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ ከዚያ ፖስታውን ከፈትኩት። ሠላሳ አራት ዓመት በሦስት መስመር ተጽፎ አልቋል።

በዚያው ሰሞን ቤተ ሙከራችን አዲስ መሣሪያ ገዝቶ ነበር። ሽጉጥ ይመስላል። አፈር ላይ ደግነው ሲጫኑት በደቂቃ ውስጥ ብረቱን፣ ማንጋኒዙን፣ ዚንኩን ዘርዝሮ ያወጣል። ወጣቶቹ ባለሙያዎች፣ «እትዬ ሙሉ፣ ይሞክሩት እንጂ!» ብለው አስያዙኝ። ሞከርኩት። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። እኛ ሦስት ቀን የምንለፋበትን ሥራ እሱ ቆሞ ይጨርሰዋል። ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አፈር የምንፈጭበትን የድንጋይ ሙቀጫ በካርቶን አድርጎ ሲወስደው ሳይ፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቁጭ አለ። እስከ ዛሬም አልተነሣም።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ጅማ የመጣሁት ከፍቼ ከተማ ነው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የላቦራቶሪ ረዳት ተብዬ። መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ ብርጭቆ ማጠብ ነበር። የሰጡኝ ሰው ጋሽ ተረፈ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርታቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ የደሴ ሰው። አንድ ብርጭቆ ሰጥተው፣ «እጠቢው» አሉኝ። አጠብኩት። ወደ መስኮቱ አነሡት፣ አዩት፣ መለሱልኝ። «እጠቢው።» አምስት ጊዜ ነው ያሳጠቡኝ። በመጨረሻ ውሃውን አፍስሰው የብርጭቆውን ግድግዳ አሳዩኝ። «ውሃው ወርዶ ጠብታ ካልቀረ ንጹሕ ነው። ጠብታ ከቀረ ትናንት የተለካው የሰው አፈር ገና አልወጣም ማለት ነው።»

ስለ ደመወዛችን ብዙ የሚወራ የለም፤ ያኖር ነበር። ቅጹም ብዙ ነበር፣ በሦስት ቅጂ። እኔን የሚናፍቀኝ የእጅ ሥራው ነው።

አፈርም ሆነ ድንጋይ በማሽን ከመለካቱ በፊት መድቀቅ አለበት። ለዚህ ከአጌት የተሠራ ሙቀጫ ነበረን፤ አጌት ማለት የሚያብለጨልጭ፣ በጣም ጠንካራ ድንጋይ ነው፣ ሲፈጩበት ከራሱ ምንም አይለቅም። ጋሽ ተረፈ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። «ወርቁም ይፋቃል» ይላሉ። አንድ ጊዜ ረስተውት ካፖርቱ ከነቀለበቱ እጥበት ገብቶ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋቸዋል። ከዚያ መፍጨት ነው። ክብ እያደረጉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ሙቀጫው ዘንበል አድርገው። መጀመሪያ ላይ ክርችክርች ይላል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። «ድምፁ ሲያልቅ አልቋል» ይሉኝ ነበር። እኔም ለመድኩትና ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ መጨረሻውን እለይ ነበር።

አንድ ሌላ ሕግ ነበራቸው። አፈር በተፈጨ ቁጥር ምንም የሌለበት ንጹሕ ነጭ አሸዋ አብሮ ይፈጫል፣ አብሮ ይለካል። «አሸዋው ላይ የሚገኘው ሁሉ የኛ ቆሻሻ ነው» ይሉ ነበር። «ስለ ሰው አፈር ከመናገራችን በፊት የራሳችንን እንወቅ።»

ሁለት ዓመት አጋሮ ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ አባ ዱራ የሚባሉ ገበሬ የቡናቸው ቅጠል እየቀጨጨ ቢጫ ሆነባቸው። እኔ ከማሳቸው አፈር ሰብስቤ ለካሁት፣ ዚንኩ የተትረፈረፈ ሆኖ ወጣ። ቅጠሉ ግን የዚንክ እጥረት ነው የሚመስለው። ግራ ገባኝና ጋሽ ተረፈ ዘንድ ደወልኩ።

«አፈሩን በምን ቀላቀልሽው?» አሉኝ።

«በባልዲ።»

«የፕላስቲክ ነው የቆርቆሮ?»

«የቆርቆሮ።»

ሲስቁ ሰማሁ። «ሙሉ፣ የባልዲውን ዚንክ ነው የለካሽው። አባ ዱራ ቡናቸውን የተከሉት ባልዲ ውስጥ አይደለም።»

በፕላስቲክ ደግሜ ሰበሰብኩ። እውነትም እጥረት ነበር። አባ ዱራ ቡናቸው ሲያገግም፣ እኔ ጅማ ከተመለስኩ በኋላ፣ ማር በቅል ይዘው ጅማ ድረስ መጡልኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት ተምሮ መርሳት ይቻላል? ይቻላል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ጋሽ ተረፈ ወጣት ሳሉ ጣልያን አገር ሁለት ዓመት ሠልጥነዋል። ስለ አገሩ ብዙ አያወሩም፤ ስለ አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያወሩኝ ነበር። የሠለጠኑበት ቤተ ሙከራ ከጥንት የሮማ ሸክላ ሠሪዎች መንደር ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ ይመጣለት ነበር። ሳህን ብቻ አይደለም፣ የሳህን መሥሪያም። ጌጡ በውስጥ በኩል የተቀረጸበት ጎድጓዳ ቅርጽ ማውጫ አለ። ሠሪው ርጥብ ጭቃ እዚያ ውስጥ ጠፍጥፎ ሲያወጣው ጌጡ ሳህኑ ላይ ታትሞ ይወጣል። ቅርጽ ማውጫው ራሱ ከጭቃ ተሠርቶ የተተኮሰ ነው። ታዲያ መሣሪያው በተገኘበት ከተማ ጭቃ ነው የተሠራው ወይስ ከሌላ ቦታ ተይዞ መጥቶ? በዓይን አይለይም። የየአገሩ ጭቃ ግን በውስጡ ያለው የማዕድን መጠን የተለያየ ነው፤ ከመሣሪያው ቅንጣት ፍቀው፣ ፈጭተው፣ አሟሙተው ይለካሉ፣ ከየከተማው ጭቃ ጋር ያስተያያሉ።

«አንድ ቀን» ይሉኝ ነበር ጋሽ ተረፈ፣ «ሳህኖቹ የዚያው ከተማ ጭቃ ሆኑ። ቅርጽ ማውጫው ግን የሩቅ አገር ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አገሩን ሲለቅ መሣሪያውን ታቅፎ ነው የሄደው። ስሙን የሚያውቅ የለም። ከየት እንደመጣ ግን እኛ አወቅንለት።» ይህን ብለው ሁልጊዜ መስኮቱን ያያሉ። «እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ አገራችን ላይ አንድ ቀን ብሠራ» ይላሉ። እሳቸው እስኪወጡ ድረስ እንዲህ ያለ ሥራ አልመጣም። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት መጣ፣ ለእኔ።

ከሸቤ ከተማ ወጣ ብላ አንዲት መንደር አለች። በመንደሯ ግርጌ፣ ከወንዙ በላይ፣ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ የሚያወጡበት ጉድጓድ ነበር። ከጉድጓዱ ጎን አንድ ማኅበር የቡና ማጠቢያና ማድረቂያ ሊሠራ መሬት ያስቆፍር ጀመረ። ቆፋሪዎቹ ከሰው ቁመት በታች ሲደርሱ የሸክላ ዕቃ አገኙ። ድስት አልነበረም፣ የድስት መሥሪያ እንጂ፤ ሠሪዋ ጭቃዋን ከላዩ አስቀምጣ በእጇ እያዞረች የምትገነባበት፣ ጎድጓዳ የተተኮሰ ማዞሪያ። ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ የተሰበሩ። አብሯቸው ደግሞ ጣት በያዘው ቦታ የተበላ ማለስለሻ ድንጋይ ነበር።

ክርክሩ ቀድሞም ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ጉድጓዱ የአያቶቻችን ነው ይላሉ። ሌሎቹ የመንደሩ ሰዎች ግን እነዚህ ትናንት የመጡ ናቸው፣ ሸክላ መሥራትም እዚህ አልነበረም ይላሉ። ጉዳዩን እንዲያይ የተቋቋመው ኮሚቴ አንድ ነገር አሰበ፦ መሣሪያዎቹ ከዚያ ጉድጓድ ጭቃ ተሠርተው ከሆነ እዚህ ከጥንት ጀምሮ ሸክላ ይሠራ ነበር ማለት ነው፣ ጉድጓዱ ይተውላቸው። ከሌላ ቦታ የመጡ ከሆነ የነጋዴ ዕቃ ነው፣ ማኅበሩ ይቀጥል። መሣሪያዎቹን ወደኛ ላኩ።

ጭቃውን ለመሰብሰብ ራሴ ሄድኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፣ አዴ ዘይነባ ይባላሉ፤ አዴ እማማ እንደ ማለት ነው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። በፕላስቲክ ማንኪያ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ስሰበስብ ሲያዩ ሳቁብኝ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ምን አደከመሽ? ሱጴው፣ ጭቃው፣ የኛ ነው። ማዞሪያው አፍ ላይ ምላስሽን አሳርፊ፣ ከዚያ ጭቃውን ቅመሺ። ወላሂ አንድ ነው።»

«አዴ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ወረቀት ላይ ግን ምላስ አይጻፍም» አልኳቸው።

«እንግዲያው በደንብ ለኪው» አሉኝ። እጃቸውን ጠርገው ጨበጡኝ። ጨብጠውኝ እስከ መንገዱ ድረስ አልለቀቁኝም።

ኃላፊያችን ውጤቱ ዓርብ እንዲደርስ ፈለገ፤ ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። ከመሣሪያዎቹና ከጉድጓዱ የተወሰዱት ናሙናዎች አሥራ አንድ ናቸው። የተተኮሰ ሸክላ በሙቀጫ ማድቀቅ ለአንዱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ማዞሪያ ስፈጭ ክንዴ ዛለ፣ መብራትም እየሄደ ይመለሳል። ጥጉ ላይ ደግሞ አዲስ የብረት ወፍጮ ቆሟል። አንድ ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። አሰብኩበት፣ እውነት ለመናገር በደንብ አሰብኩበት። ሁሉንም በአንድ ወፍጮ ከፈጨሁ፣ ወፍጮው የሚጨምረው ነገር ቢኖር እንኳ ለሁሉም እኩል ነው፣ ማስተያየቱ አይበላሽም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የፈጨሁትን ደፋሁና ሁሉንም በብረቱ ፈጨሁ። ነጭ አሸዋውን አብሬ አልፈጨሁም። ጊዜ የለም አልኩ።

የጉድጓዱ ጭቃ ሁሉ እርስ በርሱ ተመሳሰለ። ሦስቱ ማዞሪያዎች ግን ብቻቸውን ቆሙ፤ ክሮሚየማቸው በጣም ከፍተኛ፣ ብረታቸውም ከፍ ያለ። ሌላ ጭቃ ነው። «መሣሪያዎቹ ከተጠቀሰው ጉድጓድ ጭቃ የተሠሩ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ስጽፍ አዴ ዘይነባ ትዝ አሉኝ፣ አዘንኩላቸው። እሳቸው ተሳስተዋል ብዬ ነው ያዘንኩት።

ማኅበሩ ሥራውን ቀጠለ። ጉድጓዱ በአፈር ተሞላ፣ በላዩ የቡና ማድረቂያ ሲሚንቶ ተነጠፈ።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ ቀን ለሌላ ሥራ የብረቱን ወፍጮ ማጽዳት ፈለግሁ። እፍኝ ነጭ አሸዋ ጨመርኩበትና አስነሣሁት። ስከፍተው አሸዋው ግራጫ ሆኗል። እንደ አመድ። እጄ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ከዚያ ለካሁት። ክሮሚየም ሞልቶበታል፣ ብረትም፤ ሁለቱም ወፍጮው የተሠራባቸው ናቸው።

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። የተተኮሰ ሸክላ ድንጋይ ነው፣ የወፍጮውን ብረት ይፍቃል። ጥሬ ጭቃ ለስላሳ ነው፣ አይፍቅም። ወፍጮው ለሁሉም እኩል አልጨመረም። ለማዞሪያዎቹ ብቻ ነው የጨመረው። እኔ የለካሁት የወፍጮውን ብረት ነው። የአጋሮው ባልዲ ነው፣ ከሃያ ስንት ዓመት በኋላ፣ ማንም ሳያሳስተኝ።

ጋሽ ተረፈ ጊንጆ ሰፈር ነው ቤታቸው። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አጥር ግቢያቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበው ቁጭ ብለዋል፣ በጣም ከስተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንድም ሳላስቀር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከማዞሪያው ቁራጭ ተርፏል?» ብቻ አሉኝ።

«ተርፏል።»

«ቅዳሜ እንፍጭ።»

ቅዳሜ በከዘራ መጡ። ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ አረፉ። ካፖርታቸውን ይዘው ነበር የመጡት፣ ቆለፉት፣ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጣታቸው ስለቀጠነ ሳይጎትቱት ወጣ። ሙቀጫውን ያዙ። ትንሽ ፈጭተው ለእኔ ይሰጡኛል፣ እኔ ፈጭቼ ስደክም እሳቸው ይቀበሉኛል። ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ጣልያን እያለሁ ይሄ ድምፅ የማን እንደሚመስለኝ ታውቂያለሽ? እናቴ ደሴ በርበሬ ስትደልዝ» አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ሙቀጫው ዘንበል አደረግን። ያን ቅዳሜ ዛሬ ድረስ እፈልገዋለሁ። ከሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው፣ ከነሐፍረቱ።

ሰኞ ለካሁ። ማዞሪያዎቹ ከጉድጓዱ ጭቃ ጋር አንድ ሆኑ። ነጭ አሸዋውም ንጹሕ ወጣ።

ውጤቱን ይዤ ጊንጆ ስሄድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «የመጀመሪያውን ማን ነው የፈረመው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«እንግዲያው አንቺ ሂጂ። ደብዳቤ ብቻ አትላኪ። ሂጂ።»

ኃላፊያችን አልወደደውም። «ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ምን ትርጉም አለው? የቤተ ሙከራውን ስም ማጥፋት ነው» አለኝ። የራሴን ስህተት በራሴ ስም እንደምጽፍ ነገርኩት። ሦስት ቀን ተነጋገርን፣ በአራተኛው ፈረመልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈርቶ ነው።

አዴ ዘይነባን ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። ደረቅ ጭቃ በእንጨት ይወቅጣሉ። ጭቃው ያው ጭቃ አይደለም፣ ከሩቅ የመጣ፣ አሸዋ የበዛበት ነው። ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። የብረቱን ወፍጮ፣ አሸዋውን፣ የፈረምኩትን። መውቀጣቸውን አላቆሙም።

«አኒ ቤካ» አሉ በመጨረሻ። አውቃለሁ ማለታቸው ነው። «እኔ ለራሴ ማሽንሽን አልጠብቅም። ጭቃውን አውቀዋለሁ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ አዴ።»

እንጨቱን አስቀመጡ። «እኔን አይደለም። ልጄ ኑሪያ ሸክላውን ጥላ አጋሮ ወርዳለች፣ ቡና ትለቅማለች። ይሄ ጭቃ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ከአሥር አራቱ ነው የሚተርፈው፣ በዚህ ልጅ ማብላት አይቻልም። እሷ ጋ ሂጂ።»

አጋሮ ሄድኩ። የቡና መጋዘኑ ሰፊ ነው፣ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ፣ እጃቸው አይታይም፣ ከፍጥነቱ የተነሣ። ኑሪያ እናቷን ትመስላለች። የምሳ ሰዓት ላይ ውጪ ቆመን ነገርኳት።

«እማዬ ናት የላከችዎት?» አለችኝ።

«አዎ። እኔም ራሴ መምጣት ነበረብኝ።»

ነጠላዋን ከአቧራው አራገፈች። «እትዬ፣ አልተቀየምኩዎትም። ግን ጉድጓዱን ቢመልሱትም አልመለስም። እዚያ ሰው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው ብሎ በአንድ ዕቃ አብሮን ውሃ አይጠጣም። እዚህ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ልጄም እዚሁ ትምህርት ቤት ገብታለች።» «እማዬን ግን ብቻዋን ነው የተውኳት» አለች። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ረድፏ ተመለሰች።

ከአጋሮ ስመለስ መኪናው ውስጥ የሆነው ሁሉ በእኔ አንድ ፊርማ እንዳልሆነ፣ ግን ፊርማዬ በሩን እንደከፈተው እያሰብኩ መጣሁ። ወረቀት ሊያርመው የሚችለው ነገር አለ፣ የማይችለውም አለ።

ኮሚቴው እንደገና ተቀመጠ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ተናገርኩ። ሲሚንቶው አይነሣም አሉ። ከማድረቂያው በታች እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ግን ጭቃው ያው ስለሆነ ለሸክላ ሠሪዎቹ ይከለልላቸው ተባለ። ውሳኔው በጽሑፍ እስኪወጣ አራት ወር ፈጀ። ጋሽ ተረፈ በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ወረቀቱን ለወይዘሮ አልማዝ ወሰድኩላቸው፣ መነጽር አጥተው እኔ አነበብኩላቸው። «አሁን አንቺ ደስ አለሽ?» አሉኝ። ደስታ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «እሱም እንዲሁ ነበር» አሉኝ፣ «ሥራው ሲሳካ ያዝን ነበር፣ አለቀ ብሎ።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠራሁ። ሌላ የማዞሪያ ጉዳይ አልመጣም፤ የቡና አፈር፣ የወንዝ ውሃ፣ የማዳበሪያ ነገር። ወጣቶች አስተማርኩ። ብርጭቆ አምስት ጊዜ አሳጠብኳቸው፣ ጠሉኝ፣ ከዚያ ለመዱኝ። አሁን ቤቴ ቁጭ ስል ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ የሙቀጫውን ድምፅ ይፈልጋል። ጎረቤት በረንዳ ላይ የሆነ ነገር ሲፋቅ ሳላውቀው ቀና እላለሁ። የጋሽ ተረፈ ድምፅ ይናፍቀኛል። ተሳስቼ እንኳ ቢሆን «በምን ቀላቀልሽው?» የሚለኝ ሰው ይናፍቀኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ሸቤ ሄድኩ፣ ያለ ምክንያት። አዴ ዘይነባ ከቁልቁለቱ ሥር ከሁለት ሴቶች ጋር ጭቃ ያወጣሉ። እንደ ድሮው አይወርዱም፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል፤ ከላይ ሆነው ይቀበላሉ። ቅርጫቱን ተቀብዬ አገዝኳቸው። ቤታቸው ስንደርስ ከአጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ አሳዩኝ።

«ተቀመጪ። ኑሪያ ነበረች እዚህ የምትቀመጠው።»

«እኔ አልችልም፣ አዴ።»

«ስንት ዓመት ነው ጭቃ ስትፈጪ የኖርሽው?»

«ሠላሳ አራት።»

«አንዴ እንኳ ሠርተሽበታል?»

አልሠራሁም። ተቀመጥኩ። ጭቃውን እየጠቀለሉ ዙሪያውን መገንባት አሳዩኝ። ጣቴ የት መግፋት፣ የት መተው እንዳለበት አያውቅም። የመጀመሪያው ድስቴ ሳይደርቅ ተኛ። ሁለተኛው እሳት ውስጥ ተሰነጠቀ። አዴ ዘይነባ ስብርባሪውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ግድግዳው ወፍሯል። ትፈሪያለሽ፣ ለዚህ ነው። ሌላ ሥሪ» አሉኝ። በየሐሙሱ መሄድ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ፣ ጫማዬ አለቀ፣ ልጆቼ ምን ነካሽ አሉኝ። አራተኛው ደህና ወጣ። ቆንጆ አልነበረም፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘነብላል።

አዴ ዘይነባ ሳይጠይቁኝ ከእሳቸው ድስቶች ጋር ቀላቅለው ገበያ አወጡት። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴትዮ መጣች። አንድ በአንድ እያነሣች በጣቷ እያንኳኳች ትሰማለች። የኔን አነሣች። አንኳኳችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ እንደገና አንኳኳች።

«ይሄ የእርስዎ እጅ አይመስልም» አለች ለአዴ ዘይነባ። «ከየት የመጣ ነው?»

አዴ ዘይነባ እኔን አላዩኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው፣ «ከዚሁ ነው» አሉ። «የሠራችውም የዚሁ ሰው ናት።»

ሴትዮዋ ድስቱን ቅርጫቷ ውስጥ ከታ ሄደች።